የታጠነው የይብራ እንቁላል

እንፍራንዝ አጠገብ፣ ወደ ጣና በምትወርድ አንዲት ወንዝ ዳር፣ የክንዱ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይቱን በቦይ ይለቅ ነበር። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማወቅና ማስረዳት ግን ለየቅል ናቸው። ሸንበቆው ውስጥ የሚጥሉት ይብራዎች፣ የዱር ዳክዬዎቹ፣ እንቁላላቸው አልፈለፈል ካለ ሰንብቷል። ሽማግሌ ሲላክበት ክንዱ «ወፍ በሰነፈች እኔን?» ብሎ ይስቃል። እንዲህ ያለውን ሰው በአገሩ ሸንጎ ፊት ዝም የሚያሰኘው ማስረጃ ብቻ ነው፤ ማስረጃውን የማውጣቱ ሥራ የወደቀው ደግሞ ጎንደር ከተማ ላቦራቶሪ በምትሠራው በየትነበርሽ ላይ ነበር።

እንቁላሉን የለቀመችላት ማሬ ናት፤ የወንዙ ዳር ገበሬ፣ አፏ የማይመለስ፣ እጇ ግን ወርቅ የሆነ ሴት። እናቱ ጥላው የሄደችውን፣ ጊዜው አልፎ ሳይፈለፈል የቀረውን ብቻ ነው የምታነሳው፤ የሕያው ወፍ ጎጆ አይነካም። ግማሹን ከቦዩ አፍ፣ ግማሹን ዘይት ከማይደርስበት ከማዶው ረግረግ ለቅማ፣ በሁለት ማሰሮ ለየብቻ በገለባ ደልድላ ላከች። የማዶው ለማነጻጸሪያ ነው፤ እሱ ንጹሕ ሆኖ የቦዩ ከቆሸሸ ክንዱ መግቢያ ያጣል።

የትነበርሽ ከየማሰሮው ጥቂት ጥቂት ሰበረች። ውስጡን አድርቃ፣ ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ ዘፍዝፋ፣ ስቡን አጣርታ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ በነዳጅም በጭስም የሚገኙትን መርዞች እየለየ ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ያቆማቸዋል። አቆማቸውም፤ ንጹሕ የተባለው የማዶው እንቁላል ከቦዩ እኩል ተራራ በተራራ ሆኖ ቁጭ አለ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ማንያዘዋል አንገታቸውን ነቀነቁ። ማነጻጸሪያው ከቆሸሸ ነገሩ አብቅቷል፤ ይህን ይዘሽ ሸንጎ ብትቀርቢ ክንዱ ይስቅብሻል፣ ተይው አሏት። ይብራ እንቁላል የምትጥልበት ወቅት አልፏልና ሌላ ከየት ይምጣ? ቦዩ ሌላ ዓመት ሊፈስ ነው። የትነበርሽ ዕቃ ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ምን ይደበቃል።

እንባዋን እየጠረገች የቀረውን እንቁላል ልታይ ፍሪጁን ከፍታ የማሰሮውን ክዳን አነሳች። ሽታው ተቀበላት፤ ወይራ! አይከል በከብት መሃል ያደገች ልጅ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ ይጠፋታል? ወዲያው ለማሬ ደወለች። ማሬ ማሰሮዎቹን እንደ ወተት ዕቃ አጥና፣ ጭሱ ሳይወጣ እንቁላሉን ከትታለች።

«ምነው፣ ባልታጠነ ዕቃ ልስደደው ኖሯል?» አለች ማሬ ተቆጥታ። «ሸጋ አድርጌ ነው ያጠንሁት።»

የትነበርሽ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ። ጥፋቱስ የማሬ ብቻ መች ሆነና! እሷም የተማረችው ሴት፣ እንቁላሉን ለቁርስ እንደሚጠበስ የብርጭቆ አፍ ላይ ቀጭ አድርጋ፣ ውስጡን በጥላሸታሙ ቅርፊት ላይ አንሸራትታ ነበር ያፈሰሰችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዳንዴ ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። የቀሩትን እንቁላሎች አንድ በአንድ በዚያው በሚያሟሟ ፈሳሽ አጠበች፤ እጣቢውንም አልደፋችው፣ ለብቻው አኖረችው። ከዚያ ወገባቸውን በስለት ዙሪያውን ቆርጣ፣ ቅርፊቱን ሳታስነካ ውስጡን በንጹሕ ማንኪያ ጨለፈች። የገዛ ዕቃዋ እንዳይዋሻት ባዶ ብርጭቆም እንደ እንቁላል ቆጥራ በዚያው መንገድ አሳለፈች።

ባዶው ባዶ ሆነ። የማዶው እንቁላል ውስጡ ሜዳ ሆነ። የቦዩ ግን ተራራው እንዳለ ቆመ፣ ያውም የዘይት ተራራ። የጭስና የዘይት መርዞች ቤተሰባቸው አንድ ቢመስልም ቁመታቸው ይለያል፤ በጭስ እናት የሚሏት መነሻዋ መርዝ ትረዝማለች፣ በዘይት በእሷ ላይ ቅጥያ ያበቀሉት ልጆቿ እናታቸውን ይበልጣሉ። እጣቢው ላይ እናቶች ረዝመዋል፣ የቦዩ እንቁላል ውስጥ ልጆቹ። ዶክተር ማንያዘዋል መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና ድገሚው አሏት። ደገመችው። ያው ነው። ያን ጊዜ ኮታቸውን አንስተው፣ ሸንጎው ላይ አብሬሽ እቀመጣለሁ አሉ።

አገር ወሬ አይደብቅምና ክንዱ የጭሱን ነገር ሰምቶ ነበር። በሸንጎው ፊት ተነስቶ፣ እነዚህ ሰዎች ዕቃቸውን ሁሉ ያጥናሉ፣ የጓዳቸውን ጭስ በኔ ሊያላክኩ ነው አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። ማሬ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የትነበርሽ ተነሳች። «እውነቱን ነው፣ ታጥኗል» አለች። «ጭሱን ቅርፊቱ ላይ አግኝቸዋለሁ፣ ከቦዩም ከማዶውም። ዘይቱ ግን ያለው ውስጡ ነው፣ እሱም የቦዩ ብቻ። እትዬ ማሬ ማሰሮዋን አጥናለች፤ የይብራዋን ሆድ ግን አላጠነችም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ማሬ ነጠላዋን ገልጣ እልልታዋን ለቀቀችው። ክንዱ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሸንጎው ቦዩ እንዲዘጋ ፈረደ፣ ተዘጋም።

በሚቀጥለው የእንቁላል መጣያ ወቅት የትነበርሽ ለክትትል ወረደች። ማሬ የታጠቡ የብርጭቆ ዕቃዎች ደርድራ ጠበቀቻት፤ የትነበርሽ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ ምንም አይሸትም። ሸንበቆውን ከቦዩ አፍ እስከ ማዶ ሲዞሩ ዋሉ። ያልተፈለፈለ እንቁላል አጡ። ጫጩቶቹ ከእናታቸው ኋላ ተሰልፈው ውሃው ላይ ነበሩ። የትነበርሽም ባዶ ዕቃዋን ታቅፋ፣ እስከ ጎንደር ድረስ ብቻዋን እየሳቀች ተመለሰች።