የጠፈር ሰፈራ

በአሶሳ አውራጃ፣ አምባ ዘጠኝ በሚባለው የሰፈራ መንደር፣ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሞ መልእክት ማንበብ የሰገነት ይመር ሥራ ነበር። ሥራውን ያገኘችው ስድስተኛ ክፍል ስለጨረሰችና ድምፅዋ ጎላ ያለ ስለሆነ ነው። ከወረኢሉ የመጣችው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ እህል ይታደላል ተብላ ከሄደችበት ሜዳ በመኪና ተጭና ነበር። ባሏ ሀብቱ ያን ቀን የጠፋ በሬ ፍለጋ ቆላ ወርዷል። ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው፤ እሷን ሊጠይቅ ወደ ሜዳው ቢሄድ እሱንም ጫኑት። ይህን የነገራት ከእሷ በኋላ የመጣ ያገሯ ሰው ነው። ሀብቱን ወዴት እንደወሰዱት ግን እሱም አያውቅም።

በሰባ ስምንት መጋቢት ላይ የአምባው ካድሬ ጓድ በቃሉ ከአሶሳ ወረቀት ይዞ መጣ። የሶቪየት የጠፈር ምርምር ኃላፊ ለዓለም ሠርቶ አደር ሕዝብ ያስተላለፉት መልእክት ነው፤ በየአምባው ይነበብ ተብሏል።

“ምን እንደሚል አይተውታል ጓድ በቃሉ?” አለች ሰገነት።

“የመጣው እንዲነበብ ነው እንጂ እንዲታይ አይደለም” አላት።

ሕዝቡ ተሰበሰበና አነበበች። “የሰው ልጅ በጠፈር ላይ ቋሚ መኖሪያ መሥርቷል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጉዟቸውን ጀምረዋል። በሩ ለወዳጅ አገሮች ሕዝቦች ሁሉ ክፍት ነው።”

የአምባው ታላቅ ሽማግሌ አያ ጎሹ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ጠየቁ።

“ውሃ አለው?”

“ምኑ?” አለ ጓድ በቃሉ።

“አገሩ።”

“የለውም።”

“ከብት የሚፈጀው ዝንብስ?”

“ዝንብም የለ። አየርም የለው።”

አያ ጎሹ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ወደዚህ ስንመጣ የጎደለ ነገር የለም ነበር ያሉን። የአሁኑ ኃላፊስ አስቀድሞ እውነቱን መናገሩ፣ ደግ ሰው ነው።”

ወሬው ሰነበተ፤ ቀጥሎ የሚጫነው አምባ ዘጠኝ ነው፣ የሚጫነውም ወደ ሰማይ ነው ተባለ። ባለ ልጆቹ ቀድመው ጠፉ። ከአጎራባቹ የበርታ መንደር ማንጎ ይዞ የሚመጣው ሙርሳል ሰገነትን መንገድ ላይ አገኛትና፣ “ሰው ሁሉ መንገድ እኔን ጠየቀ። እኔ አሳየ። ወላሂ፣ ሱዳን ቅርብ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው” አላት።

ጓድ በቃሉ ባዶ ጎጆዎቹን ዞሮ ካየ በኋላ ማስተባበያ ጻፈ። ሰገነትም አነበበችው፦ “ከዚህ አምባ ወደ ጠፈር የሚጫን አንድም ሰው የለም።” እስከዚያ ቀን ድረስ ግማሹ ሕዝብ ወሬውን አላመነም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያላመነ የለም፤ መንግሥት የለም ያለው ነገር ሳይመጣ የቀረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። በሳምንቱ ሌሎች ጎጆዎችም ባዶ ሆኑ።

ሰገነት አልሸሸችም። ሀብቱ ቢፈልገኝ በየት ያገኘኛል ትል ነበር። ግን እሱን የጫነው መኪና ወዴት እንደሄደ ስለማታውቅ፣ ሲመሻሽ ቀና ብላ ሰማዩን ታይ ጀመር። አላመነችም፤ ታያለች ብቻ።

ሐምሌ ላይ ሌላ መልእክት መጣ። ዝናቡ ስለጠና ሕዝቡ መጋዘኑ ውስጥ ተጠጋግቶ ነበር የሚሰማው። ኃላፊው በዚህኛው፣ ሰፋሪዎቹ አራት ወር በጠፈር ቆይተው ተልእኳቸውን በመፈጸም በሰላም ወደ ቤተሰቦቻቸው መመለሳቸውን በደስታ ያበስራሉ። ሰገነት እዚህ ስትደርስ ከወረቀቱ ቀና አለች።

“እስቲ ደግመሽ በይው፣ ልጄ” አሉ አያ ጎሹ።

ደገመችው።

“ወደ ቤታቸው?”

“ወደ ቤተሰቦቻቸው ይላል፣ አያ ጎሹ።”

“ማነው የመለሳቸው?”

“የላካቸው ነዋ።”

አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። አጨብጭቡ ያላለው ጓድ በቃሉ ደንግጦ ወደ በሩ አየ።

በማግስቱ አያ ጎሹ ለኃላፊው የደስታ መግለጫ ይላክ አሉ። ከሌላ አምባ እንዲህ ያለ ነገር ተልኮ ስለማያውቅ ጓድ በቃሉ ደስ አለው። አያ ጎሹ ተናገሩ፣ ሰገነት ጻፈች፦ “በሰላም ቤታችሁ በመግባታችሁ ደስ ብሎናል። የመለሳችሁን ሰው እግዜር ዕድሜ ይስጠው። እንዲህ ያለ ኃላፊ ለኛም ይላክልን።” ጓድ በቃሉ እግዜርን አወጣ፤ “ኃላፊ” የሚለውን “ትብብር” አደረገው። ሌላው ምንም አይልም አለ።

“የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ስም ደግሞ ከታች ያስፈልጋል። ያንቺን አግቢ።”

ሰገነት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። እንዲህ ያለው ነገር በራዲዮ እንደሚነበብ ታውቃለች። “ሰገነት ይመር፣ የወረኢሉው የሀብቱ ታደገ ባለቤት፣ ከአሶሳ አምባ ዘጠኝ” ብላ ጻፈች።

“ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?” አለ ጓድ በቃሉ።

“ሰገነት የሚባል ብዙ ነው፣ ጓድ።”

እውነት ነው ብሎ ማኅተሙን መታበት።

ነሐሴ ላይ በራዲዮ ተነበበ። ሀብቱ ፓዌ በሚባለው ሌላ ሰፈራ ነበር። አረም ሲያርም ውሎ ከትራክተሩ ጥላ ሥር አረፍ እንዳለ፣ የነጂው ራዲዮ የገዛ ስሙን ሲጠራ ሰማ። መጀመሪያ የተከሰሰ መስሎት ተነሥቶ ሊሮጥ ነበር። ከዚያ የእሷን ስም ሰማ።

ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀና ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሣ። በወንበራ በኩል ወርዶ፣ ዓባይን በጉሙዞች ታንኳ ተሻግሮ፣ በወለጋ ቆላ በባምባሲ አድርጎ፣ ጥቅምት ላይ አምባ ዘጠኝ ገባ። ሰገነት ማሽላ ስትቆርጥ አገኛት። እግሩ አብጧል፤ ወባው ዓይኑን ቢጫ አድርጎታል።

“ሰገነት” አላት።

ዞር ብላ አየችው። ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“ከጠፈር ጋር ምን አገናኘሽ?” አለ ሀብቱ።

“ምንም” አለችና ከማሽላው መሀል ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

ጓድ በቃሉ ሀብቱን ከየት መጣህ ብሎ አልጠየቀውም። የጠፉበት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ የመጣውም ይህ አንድ ሰው ነው። በገዛ ፈቃዱ የመጣ ሰፋሪ ብሎ መዘገበውና ለአሶሳ አስታወቀ። አሶሳዎች ተደንቀው በምን ቅስቀሳ እንዳመጣው ጠየቁት። ጥቂት አሰበና፣ በጠፈር ብሎ መለሰ።

ሰገነት ሁለት ቀን ማጉያው ጋ አልሄደችም። ሀብቱ በትኩሳት ተኝቶ ነበር፤ እሷም ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረገች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር።