የሰማው እጅ ጽሑፍ

ወይንእሸት ሞጣ የወረደችው ባሏን ሰማውን ልትፈልግ ነው። ሰማው ቢቸና ላይ ስሙ የታወቀ የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ነበር። የባነር ማተሚያ ማሽን ከተማው ከገባ ወዲህ ግን የሚጠራው ጠፋ። ሥራ ያጣ ወንድ ኩርፊያው ደግሞ አይጣል ነው። «ሥራ ፈልጌ ልምጣ» ብሎ ብሩሾቹን በፌስታል ቋጥሮ እንደወጣ ይኸው አራት ዓመት ሞላው። ስልኩ አይሠራ፣ ሰው አይልክ።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቷ ፈንታነሽ ከሞጣ ተመልሳ «የባልሽን እጅ አንድ ጭማቂ ቤት ላይ አየሁት» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም። መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ለት በጠዋቱ መኪና ተሳፈረች።

ሞጣ ደርሳ ጭማቂ ቤቱን ብታየው፣ እውነትም የሱ እጅ ነው። ያን ጽሑፍ ማን ይስተዋል? ቁም ጸሐፊ የነበሩት አጎቱ «ፊደሉን ጠጅ አጠጣኸው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንዱ እግሩ አጠር፣ አንዱ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ላይ ቀለሙ ሳስቶ የብሩሹን ፀጉር መስመር የሚያሳይ፣ ሳቂታ ፊደል። ቀና ስትል ፀጉር ቤቱም ላይ አለ። ጎሚስታው በር ላይ፣ ባጃጁ መስታወት ላይ፣ የሄደችበት ሁሉ አለ። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እዚሁ ከተማ ሠርቶ እየበላ ነው፣ ዛሬ አገኘዋለሁ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ቆይታ ግን ልቧ ፈራ። የጭማቂ ቤቱ «መ» ግራ ጎኑ ላይ ቀለም የዘለለው ጭረት አለበት። የፀጉር ቤቱም «መ» ያንኑ ጭረት ይዟል። የባጃጁም እንደዚያው። ሰማው ደግሞ በሕይወቱ ሁለት «መ» አመሳስሎ ጽፎ አያውቅም፤ አይችልበትማ።

የጭማቂ ቤቱን ባለቤት ሰሌዳውን ማን እንደሠራው ብትጠይቀው አጠገቡ ያለውን ማተሚያ ቤት አሳያት። ሰገነት የምትባል ወጣት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ፎንት እኮ ነው፣ እታለም» አለቻት። «ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ መጥቶ ፊደሉን ሁሉ አንድ በአንድ በብሩሽ ጻፈልን። እኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባነው። አሁን የፈለግሽውን በሱ እጅ መጻፍ ነው።»

«እሱስ?»

«በሳምንቱ ሄደ። ወዴት እንደሆነ አልነገረንም።»

ወይንእሸት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ናፈቃት። ሰው ፊት መሆኗን እስክትረሳ ድረስ ናፈቃት። ከዚያ «እስቲ ‹ወይንእሸት፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ› ብለሽ ጻፊልኝ» አለች።

ሰገነት ጻፈችው። ስሟ በባሏ እጅ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ አሁን ጽፎ ብሩሹን ያስቀመጠ ነው የሚመስለው። ወይንእሸት ደጋግማ አነበበችው። አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታም አነበበችው።

«ላትመው?» አለች ሰገነት።

«አይ፣ አጥፊው የኔ ልጅ» አለች። «እሱ አላለውም።»