የመዲና ቋጠሮ

ረመዳን ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን መዝጊያ የለውም። ሐይቁ ዳር ደንገል ስከምር መጣና፣ «አያ መስዑድ፣ አዲስ ታንኳ ልሠራ ነው። እትየ መዲናን ይለምኑልኝ፤ እንደ እርስዎ ታንኳ የእኔንም እሳቸው ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩልኝ» አለኝ።

«የማንን ታንኳ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ሹልክ ብሎ ሄደ።

ታንኳ ማሰር የተማርኩት በልጅነቴ ነው። ገመዱ ከላላ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ሐይቅ ላይ ይበታተናል። ልጃችን ሙኒር ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ቢሮ ከገባ ወዲህ፣ «አባባ፣ ይብቃዎት፤ እኔ ዘንድ ይምጡ» ይለኛል። ታንኳዬን ራሴ እያሰርኩ የሰው እጅ አላይም ብዬ አፉን እዘጋዋለሁ።

ጎንበስ ብዬ ታንኳዬን አየሁ። ሚስቴ መዲና ግራኝ ናት። ቋጠሮው ሁሉ ወደ ግራ ዞሯል፤ አንድም የእኔ የለበትም። የራሱን ቋጠሮ ማን ይመረምራል? ለካ እኔ ዙሁር ልሰግድ መስጊድ ስሄድ፣ እሷ የኔን እየፈታች የራሷን ታስራለች! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ ደረቴን ነፍቼ እቀዝፋለሁ።

ቤት ገባሁ። «ምን በደልሁሽ?»

አልካደችም። «ጣትህ መጨበጥ አቅቶታል፣ መስዑድ። ብነግርህ ሥራውን ትተወዋለህ፤ ከተውኸው ደግሞ ትሞትብኛለህ።»

«ከምታታልይኝ ብሞት ይሻለኝ ነበር! ሁለተኛ ታንኳዬን እንዳትነኪ!»

«ወላሂ አልነካም» አለች።

ሌላ ሰው ቢያደርገው ሰድቤው እገላገል ነበር። የከዳችኝ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባዬን አምኜ የሰጠኋት ሴት ናት፤ ከጀርባዬም ነው የሠራችው።

በማግስቱ ጥርሴን ነክሼ በራሴ እጅ ሌላ ታንኳ አሰርኩና ወጣሁ። ከዳሩ ብዙም ሳልርቅ ደንገሉ ከእግሬ ሥር ይከፈት ጀመር። ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ፣ መረቤንና የተፈታውን ደንገል እየጎተትኩ ተመለስኩ። መዲና ጋቢ ይዛ ዳር ላይ ቆማለች።

«አልነካሁም» አለች እያለቀሰች።

እውነቷን ነው። አለመንካቷ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ እንደዚህ እንደሚሆን እያወቀች ዝም ብላ ሸኘችኝ። ጋቢውን ተቀብዬ ቤት ገባሁ። ከዚያም ዘግቻት ሰነበትኩ።

ደንገሉ ሲደርቅ ቤታችን ፊት እንደገና ዘረጋሁት። መዲና ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ሆን ብላ ወደ እኔ አታይም። ገመዱን ጠመጠምኩ፤ ጣቶቼ እምቢ አሉ። እንደገና ሞከርኩ፤ እምቢ አሉ። አዛን ተሰማ። ልሄድ ተነሳሁ፤ ግን እሷንና ታንኳውን ብቻቸውን ትቼ መሄድ አቃተኝ።

«ነይ» አልኳት። የገመዱን ጫፍ ዘረጋሁላት። «ይቅር አላልሁሽም። ግን ሳቢው፤ እኔ እያየሁ ሳቢው።»

ምስሩን አስቀምጣ መጣች። አጠገቤ ተንበረከከችና ገመዱን በግራ እጇ ጨበጠች። እኔ መጋጠሚያውን በጣቴ ተጫንኩ።

«እንግዲያ ጣትህን አንሳ» አለች፤ «ከገመዱ ጋር አብሬ ልቋጥረው ነው።»

ጣቴን አነሳሁ።