ጫጉላ በስተእርጅና

ከባለቤቴ ከባንቺአየሁ ጋር በስተእርጅና ቆረብን። ሐሳቡ የእሷ ነበር። ልጆች ወልደን፣ ድረን፣ ሩዝ ስንዘራና ስናጭድ ኖረን ካበቃን በኋላ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ኮሌጅ የምታስተምረው ልጃችን ሔራን ይህን ስትሰማ እኛ ዘንድ ይፋግ ድረስ መኪና ላከችልን።

«ጫጉላ አልወጣችሁም አይደል?» አለች ባሕር ዳር ስትቀበለን። «አሁን ትወጣላችሁ።»

ሐይቁ ዳር ካለ ሎጅ አድርሳን ሄደች። እንግዳ ተቀባዩ ከኋላችን ወደ በሩ ያያል።

«ሙሽሮቹ ገና ናቸው፣ አባባ?»

«እኛ ነን» አለች ባንቺአየሁ።

ልጁ ሳቁን ዋጠ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አልጋው ላይ ቀይ አበባ በትነውበታል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አበባ ላይ አይተኛም። ለቃቀምሁትና የምጥልበት አጣሁ፤ ወለሉ ንጹሕ ነው። በኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

በማግስቱ ይብስ ግራ ገባኝ። ዕድሜ ልኳን ከእኔ ቀድማ የምትነሣ ሴት ፀሐይ እስኪሞቅ ተኛች። ተነሥታም ውሃው ዳር ወንበር ላይ ተቀመጠች። የማንጎ ጭማቂ አመጡላት፤ ጠጣች። ላሞቹን አላነሣችም። ሩዙን ወፍ ፈጀው ወይ አላለችም።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ተቀምጫለሁ።»

እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሙቀቱ ያደክማል፤ ኮቴን ግን አላወለቅሁም። አንዳንዴ ዞር ብላ ታየኛለች፤ አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች። ምሳ መሰለኝና አሳላፊውን ጠራሁ።

በነጋታው ወደ ደሴት የሚሄድ ጀልባ ሔራን ይዛልን ነበር። ባለጀልባው ብሩክ ቀልደኛ ነው።

«ሙሽሪት፣ እጅዎን ይስጡኝ! ሙሽራው ይቅኑ እንጂ እኔ ምን አገባኝ!»

ባንቺአየሁ ከቤት ጀምሮ ያልፈታችውን ጥቅል ታቅፋ ገባች። ምንድን ነው ብላት «የእኔ ነው» አለችኝ።

ደሴቲቱ የሴቶች ገዳም ያለባት ናት። እማሆይ ወለተ ሚካኤል የሚባሉ መነኩሲት ተቀበሉን። ባንቺአየሁ ጉልበታቸውን ሳመች። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ ከሩቅ አየኋቸው። ጥቅሉ ተፈታ። አዲስ ቢጫ ቀሚስ ነው፤ የመነኩሲት ልብስ። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ያን ጊዜ ቁርባኑም ዝምታውም ገባኝ። የጎረቤታችን ሚስትም ከቆረበች በኋላ ባሏን አስፈቅዳ መንኩሳለች።  ወደ እነሱ ሄድሁ።

«ልትመነኩሺ ነው?»

«ያለ ፈቃድህ አይሆንም ይላሉ።»

«ምን በደልሁሽ?»

«ምንም።» ቀሚሱን በእጇ ዳሰሰችው። «ቤት ሳለን ሥራ አለ፤ ዝም ብንልም ሥራው ያወራልናል። እዚህ ሥራ የለም። ምናልባት ታወራኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ምሳ አዘዝህልኝ። ዝምታ ከሆነ፣ እዚህ ከጸሎት ጋር ይሻለኛል።»

ብሩክ ከታች ጮኸ፤ «ሙሽሮች፣ ነፋሱ ሳይነሣ እንሂድ!»

 ላብ አጠመቀኝ። መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትሁ፤ ያወጣሁት እፍኝ የጠወለገ አበባ ሆነ።

«ምንድን ነው?»

«የአልጋው ነው።»

«ለምን ያዝኸው?»

«የምጥልበት አጣሁ።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እማሆይም ፊታቸውን አዞሩ። ምኑ እንዳሳቃት አሁንም አላውቅም።

ቀሚሱን መልሳ ጠቀለለችው። እማሆይ ዘንድ አልተወችውም፤ እንደታቀፈችው ጀልባው ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ታዲያ ቀረ?» አልኋት።

«ቀረ አላልሁም። መንገዱ ረጅም ነው፤ አውራ።»

ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ውሃውን አየሁ፤ ጥቅሉን አየሁ።

«ያ ልጅ ሙሽሮቹ ገና ናቸው ወይ ሲል» አልሁ፣ «ያፈርሁት በአንቺ አይደለም።»

«በማን ነው ታዲያ?»

«በራሴ ነው። አንቺማ ሙሽራ ትመስዪ ነበር።»

ጥቅሉን ከጭኗ አንሥታ እግሯ ሥር አኖረችው።

«ቀጥል» አለች።