ይቆይ የተባለው ፎልደር

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሁለት ወር ሳያባራ ዘነበ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ጣሪያ ከሦስት ቦታ አፈሰሰ፤ ምድር ቤት ያለው ካሴት ክፍል ሻገተ። ስድስት ሰው ከሥራ ተቀነሰ። ከአራቱ የካሴት ማጫወቻዎች ሦስቱ ሞቱ፤ መለዋወጫቸውን የሚሠራ ፋብሪካ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ከሻጋታ የተረፈው ሺህ ያህል ካሴት በአንዲቱ ማጫወቻ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ ተባለ። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማጣደፍ የለም። ሰዎች ተራ ገብተው ገለበጡ። ካሴቱን የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወሰደው። ክረምቱ ወጣ።

የቅንብር ክፍሉን የምትመራው ሴት መቀስ ትባላለች፤ ምስል ስትቆርጥ አትራራም። ካሴት ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ ደግሞ ጋሽ ክር ናቸው። መቀስ የጋሽ ክር ባለዕዳ ነበረች። ዕዳው የብር አልነበረም።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር፣ ለዜና የሚሆን ባዶ ካሴት አጣች። መደርደሪያው ላይ «ይቆይ» የሚል የተጻፈበት አየች። ለሌላ ጊዜ የተባለ፣ ገና ያልተሠራበት መሰላትና ቀረጸችበት። በጣቢያው ልማድ ግን ይቆይ ማለት እስከ መጨረሻው ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው ማለት ነበር። ካሴቱ ላይ የነበረው፣ የግድብ ውሃ ሊውጠው አንድ ቀን የቀረው መንደር ነው። የቀረጹት ጋሽ ክር ናቸው፤ ያኔ የካሜራ ሰው ነበሩ። አለቃው ሲቆጣ እኔ ነኝ የሰጠኋት አሉ። በኋላ እሷን ኮሪደር ላይ አቁመው፣ አንቺን ያባርሩሻል፣ እኔን ቢበዛ ይቀጡኛል አሏት። ቀጧቸው። ካሜራውን ተቀብለው ለጊዜው ተብሎ ካሴት ክፍል አወረዷቸው። ያ ለጊዜው አላልቅ አለ። ሁለቱም ነገሩን ዳግም አላነሡትም።

ዓርብ ጠዋት መቀስ ለከሰዓት ፕሮግራም የአሮጌውን ባቡር ጣቢያ ምስል ፈለገች። የተገለበጠው ሁሉ በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ የለም። ስሙን ቀይራ ፈለገች፤ የለም። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ዝንብ ጆሮዋ ሥር ይጮኻል። ወደ ቴክኒሻኑ ክፍል ሄደች። ቴክኒሻኑን ሲስተም ይሉታል፤ ምን ተበላሸ ቢባል መልሱ «ሲስተሙ ነው» ስለሆነ።

ሲስተም ከወንበሩ ሳይነሣ አገኘላት። ይቆይ የሚል ፎልደር ውስጥ ከሌሎች አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች ጋር ተቀምጧል። ጋሽ ክር በወረቀት በጻፉለት መሠረት እንደ ለየው ነገራት፤ በሥራው ኮርቷል።

«ምን ዓይነት ፎልደር ነው?» አለችው።

«ጊዜያዊ ነዋ። ይቆይ ማለት ይቆይ ነው፤ አሁን አይፈለግም። ሠላሳ ቀን ሲሞላው ራሱን ያጸዳል።»

«መቼ ነው የሚሞላው?»

ሲስተም ስክሪኑን አየ። ከወንበሩ ተነሣ። «ዛሬ» አለ። «ስድስት ሰዓት ላይ።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መቀስ በዚህ ቃል ከእሷ ሌላ የተሳሳተ ያለ አይመስላትም ነበር። ካሴቶቹ ከሄዱ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ የቀረው ይህ ፎልደር ብቻ ነው። አስቁመው አለችው። አልችልም አላት። አንዱ ሠራተኛ የእህቱን ሠርግ ከነሚዜዎቹ ሰርቨሩ ላይ ጭኖ፣ እንዳይሰረዝበት ማጽጃውን ሲያስቆም ከተያዘ ወዲህ፣ የሚያስቆመው ኮድ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ብቻ ነው። ወደ ሌላ ቦታ እንዳይገለብጠው ደግሞ ዲስኩ ሞልቷል።

ይህን አሠራር ማን አጸደቀው ብላ ጠየቀች። ሲስተም አንገቱን ደፍቶ ራሱ ያዘጋጀውን የፎልደሮች ዝርዝር ወረቀት አወጣ። «ይቆይ» ከሚለው አጠገብ «ጊዜያዊ፣ በሠላሳ ቀን ይጠፋል» ይላል። ግርጌው ላይ የእሷ ፊርማ አለ። ያን ቀን ሁለት ፕሮግራም አስቸኩሏት ሳታነብ ነው የፈረመችው።

አሳንሰሩ አይሠራም። አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ ሲስተምም ተከተላት። ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን እያየች ሰማቻት። ኮዱን ማስገባት እችላለሁ፣ ግን ቅጽ ይሞላል አለች። ቅጹ ላይ «ስህተቱን የፈጸመው» የሚል መስመር አለ፤ አንድ ስም ይፈልጋል። ስሙ የሰፈረበት ሰው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፣ ሁለት ዓመትም እድገት አያገኝም። መቀስን የፕሮግራም ኃላፊ የሚያደርገው ደብዳቤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ሁለቱም ደብዳቤውን አዩት። ሥራ አስኪያጇ ዓይኗን መለሰችና ስልክ አንሥታ ቃሉን የጻፉትን ጋሽ ክርን አስጠራች።

እስኪመጡ አሥር ደቂቃ ሄደ። መቀስ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተመላለሰች። ቁጭ በይ ተባለች፤ ቁጭ ብላ እግሯ አላርፍ አለ። ጋሽ ክር እያለከለኩ ገቡ። የሆነውን ቆመው ሰሙ፤ ሲጨርሱላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቃሉ የእኔ ነው» አሉ። «በእጄ የጻፍኩት። የእኔን ስም ጻፉ።»

ሥራ አስኪያጇ ነገሩ እንደከበዳት ተናገረች። ጋሽ ክር ሳቁባት።

«ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል፣ ልጄ። ማስጠንቀቂያውን ፍሬም አስገብቼ ሳሎን እሰቅለዋለሁ። ይልቅ ፍጠኚ።»

ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶ አነሣች። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። መቀስ ዝም ብትል ሁሉም ነገር ይስተካከላል፤ ፋይሎቹ ይተርፋሉ፣ ደብዳቤውም ይታተማል። እንደ ያኔው ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝምታውን ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት አብረው ኖረዋል።

«አይጻፍ» አለች። «ወረቀቱን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ቃሉን ድሮም እንደዚሁ ነው የሚጽፉት፤ ያልገባን እኛ ነን። ደግሞ ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። ውሃ የዋጠው መንደር ያለበት ካሴት ላይ ሌላ የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ። እሳቸው አልሰጡኝም። እኔን ለማትረፍ ብለው ዋሹ፤ እኔ ቆሜ ሰማሁ።»

ሥራ አስኪያጇ ያን ዘመን አታውቀውም። ጠየቀች፤ መቀስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ጋሽ ክር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

«ያኛውን ማን ጠየቀሽ?» አለች ሥራ አስኪያጇ በመጨረሻ።

«ማንም።»

ቅጹን ገፋችላት። መቀስ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀኑን አሰፈረች። ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤውን አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ኮዱን አስገባች። ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ማጽጃው ቆመ። ሲስተም በረጅሙ ተነፈሰና ፎልደሩን ከእንግዲህ ምን ልበለው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ክር «አይነካ» በለው አሉት፤ ይህን ደግሞ ለመሳሳት መማር ይጠይቃል አሉ።

መቀስና ጋሽ ክር ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። እሳቸው መደገፊያውን ይዘዋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሙ።

«ስታምጪ ስታምጪ ዛሬ ተገላገልሽ» አሏት።

«ዘገየሁ፣ ጋሼ።»

«ዘግይተሻል።» ላባቸውን ጠረጉ። ደግሞ ቀጠሉ። «ካሜራው ቆጭቶኛል፤ አልዋሽሽም። ከእሱ የባሰብኝ ግን ካሴት ልትወስጂ በመጣሽ ቁጥር አንገትሽን ደፍተሽ ጫማዬን ማየትሽ ነው። ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ ሳትቆጥሪ አትቀሪም።»

መቀስ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። አርጅተዋል።

«አራቴ» አለች።

«አምስቴ ነው» አሉና መውረዳቸውን ቀጠሉ። «አንዱን የገዛሁት ፈቃድ ላይ ሳለሽ ነው።»