የወይዘሮ ላውጋ ጥያቄ

ሂልዱር መስከረም ላይ፣ ጤዛ ባረጠበው የቤቷ ደረጃ ተንሸራታ ወደቀች። ከፍታው ከጉልበት አይበልጥም፤ ግን መሬት የተመረኮዘችበት እጇ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ጀሶ አስረው ሸኟት። ለምን በዚህ ቀላል አወዳደቅ እንደተሰበረች የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ጋር በዊኒፔግ ሐይቅ ላይ የዓሣ መረብ ስትጎትት የኖረች ሴት ናት። እንደ ሸክላ ድስት መሰበሯ አሳፈራትና ከቤት መውጣት ተወች።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጎረቤቷ ወይዘሮ ላውጋ በሩን አንኳኩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ በብረት ሲጠገን፣ "ከእንግዲህ አልጋ ላይ መቅረታቸው ነው" ተብሎ ነበር። በቀጣዩ በጋ ግን በምርኩዝ ሐይቁ ዳር ሲራመዱ የከተማቸው የጊምሊ ሰው ሁሉ አይቷል።

"ምነው ተደበቅሽ? ሰው ገደልሽ እንዴ?"

"አፍሬ ነው እባክዎ። ከዚህች ደረጃ ወድቆ የሚሰበር ማን አለ?"

"እሱንማ አሁን እናያለን። ኮትሽን ልበሺ!"

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአዛውንቶች ምሳ ነበር። ወይዘሮ ላውጋ ሾርባው እስኪቀርብ እንኳ አልታገሡም፤ ብርጭቋቸውን በማንኪያ መቱ።

"ሃምሳን ካለፋችሁ ወዲህ እንዲሁ በዋዛ አጥንታችሁ የተሰበረ፣ እጃችሁን አውጡ!"

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ኦርጋን ተጫዋቿ እጇን አወጣች፤ የፖስታ ቤቷ ጡረተኛ ተከተለቻት። ወዲያው ግማሹ አዳራሽ እጁን አነሳ። በመጨረሻ ግዙፉ ዓሣ አጥማጅ ኤይናር ጎሮሯቸውን ጠረጉ።

"የኔ ጀርባዬ ነው። መውደቅም አላስፈለገኝ፤ የጀልባ ሞተር ሳነሳ ቀጭ አለ።"

"ወንድም እንዲህ ይሆናል?" አለች አንዷ።

"ነርሷ እንደነገረችኝ፣" አሉ ወይዘሮ ላውጋ፣ "ሃምሳን ካለፉት መካከል ከሦስት ሴት የአንዷ፣ ከአምስት ወንድ የአንዱ አጥንት ሳስቶ ይሰበራል።"

"ታዲያ እኛ ከድርሻችን በላይ ወስደናል!" አሉ ኤይናር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሂልዱርም እየሳቀች ባለ ጀሶ እጇን ከፍ አደረገች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ላውጋ ቀስ ብለው፣ "የኔም መጀመሪያ አንጓዬ ነበር" አሏት። "ጀሶው ተፈታ፣ ረሳሁት። አጥንቴ መሳሳቱን የነገረኝ ዳሌዬ ነው። አንቺ ዳሌሽን አትጠብቂ፤ ሄደሽ ተመርመሪ።"

ሂልዱር ሐኪሟን ነዝንዛ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ አስደረገች። እውነትም ሳስቷል። መድኃኒት ተጀመረላት፤ እንቅስቃሴም ታዘዘላት።

ክረምቱ ገብቶ ውጭው በረዶ ሲሆን፣ ሁለቱ አዳራሹ ውስጥ ይዞሩ ጀመር። ወይዘሮ ላውጋ አንድ እግራቸውን ትንሽ እየጎተቱ ከፊት ይመራሉ። ሂልዱር ከኋላ ሆና ስታያቸው፣ እንደዚህ ያለ ብርታት ከየት እንደሚያመጡት ይገርማታል።

"ኧረ ትንሽ ይረፉ!" አለቻቸው አንድ ቀን፣ እሷው እያለከለከች።

"አንቺ እረፊ። እኔ ዙሬን ቶሎ ልጨርስ፤ ዛሬ ዳሌዋን ተጠግና ከሐኪም ቤት የምትመጣ ሴት አለች፤ በሯን ማንኳኳት አለብኝ" ብለው እርምጃቸውን ጨመሩ።