ሃያኛዋ

መረጃ መዝጋቢዋ ያንን ሪፖርት የጻፈችው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የአምቡላንስ አገልግሎቱ ኃላፊ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ከላይኛውና ከታችኛው ጣቢያ የትኛው ነው የሚንቀረፈፈው? ለነገው ስብሰባ አንድ ገጽ ትበቃኛለች» አላት። እሷም ከየጣቢያው መዝገብ አሥር አሥር ጥሪ በዕጣ አወጣች። ስልኩ ከተደወለበት ጀምሮ መኪናው በሽተኛው ደጃፍ እስኪቆም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፈች፣ ደመረች፣ ለአሥር አካፈለች። የላይኛው ሃያ አራት ደቂቃ ከምናምን፣ የታችኛው አርባ ከምናምን ሆነ።

ከታችኛው ቁጥሮች አንዱ ሁለት መቶ ሦስት ይላል። የጽሕፈት ስህተት መስሏት መዝገቡን መልሳ ገለጠች፤ ስህተት አልነበረም። ቁጥር ቁጥር ነው ብላ ከሌሎቹ ጋር ደመረችው። ምን ሆኖ ነው ብላ ግን አልጠየቀችም።

የታችኛው ጣቢያ አለቃም ሾፌርም የነበሩት ሰው ጋሽ ቀስ ይባላሉ። ቃሬዛ በተነሳ ቁጥር «ቀስ፣ ቀስ በሉ እንጂ፣ ሰው እኮ ነው የያዛችሁት!» ስለሚሉ የወጣላቸው ስም ነው። በስብሰባው ላይ ሃያ አራትና አርባ ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ ከኋላ፣ «ስምን መልአክ ያወጣዋል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መዝጋቢዋም ከሰው ጋር ፈገግ አለች።

ጋሽ ቀስ ተነሱ። «እስቲ ያቺን አንዷን ቀን ላስረዳ…» ብለው ሲጀምሩ ኃላፊው ሰዓቱን አየና «ማብራሪያ በጽሑፍ» አላቸው። ተቀመጡ። ሳምንት ሳይሞላ ከመሪው ተነስተው የመኪና ግቢ በር ጠባቂ ሆኑ። ከታችኛው ጣቢያ ሁለት መኪኖች ደህናው ወደ ላይኛው ተዛወረ፤ ለሠራ ይጨመርለታል ተባለ። ሰውየው ዓመት እንኳ አልቆዩም። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ እጅ የብረት በር ሲከፍትና ሲዘጋ መዋል አልሆንልህ አለው፤ ቅስማቸው ተሰብሮ ሥራውን ለቀቁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መዝጋቢዋ ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላከች። አሠልጣኙ ድምፁ የሰለለ፣ ጣቶቹ በጠመኔ የነጡ ሰው ነበር።

«ቁጥሮቻችሁ መሀል አንድ ግዙፍ ካለ አማካይን አትመኑት» አለ። «አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ሚዛን ላይ ስለወጣ ቤተሰቡ ሁሉ ወፈረ አይባልም። የሁለቱን ወገን ቁጥሮች ቀላቅሉና ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፏቸው። ከዚያ መጠናቸውን እርሱት፤ ተራቸውን ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሁለቱ ወገኖች ካልተለያዩ በሰልፉ ውስጥ ይደበላለቃሉ፣ የየራሳቸው ተራ ሲደመርም ይቀራረባል። አንዱ የምር የሚዘገይ ከሆነ ግን የእሱ ቁጥሮች ወደ ጭራው ይከማቻሉ።»

ሌሎቹ የተሰጣቸውን መልመጃ ሲሠሩ እሷ ወረቀቱን ገልብጣ የዚያን ሪፖርት ሃያ ቁጥሮች ከድሮው ማስታወሻዋ ጻፈች። አሥራ ሦስት፣ የታችኛው። አሥራ አራት፣ የላይኛው። አሥራ አምስት፣ የታችኛው። አሥራ ስድስት፣ የላይኛው። እንደ ሹሩባ ተጎነጎኑ። ተራቸውን ስትደምር የታችኛው መቶ ሦስት፣ የላይኛው መቶ ሰባት መጣ። ፍጹም እኩል ቢሆኑ መቶ አምስት፣ መቶ አምስት ነበር የሚሆነው። ሁለቱ ጣቢያዎች አልተለያዩም፤ ልዩነት ኖሮም አያውቅም። እርሳሱን አስቀምጣ እስከ እረፍት ድረስ አላነሳችውም።

ለኃላፊው ነገረችው።

«አሁን ይሄን ምን አመጣው?» አላት።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይታረም ብዬ ነው።»

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሰውየውም ለቋል። የሞተ ነገር አትቀስቅሺብኝ።»

ማታ እራት ላይ ለእናቷ ስታጫውታት፣ እናቷ ጉርሻዋን አቋርጣ አየቻት። «ሰውን በአደባባይ አዋርደሽ በልብሽ ይቅርታ ብትይ ማን ይሰማሻል? ሂጂና ፊቱ ቁሚ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። በሩን የከፈቱት የጋሽ ቀስ ባለቤት ነበሩ። ከመሥሪያ ቤት እንደመጣች ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ደግሞ ምን ቀራችሁ?»

«አስገቢያት» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ቀስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ የገባችውን ሰው የሚያዩት እንደ ጥላ ነው። መዝጋቢዋ ሃያዎቹን ቁጥሮች በሃያ ቁራጭ ወረቀት ጽፋ ነበርና ለማንበብ እንደማይችሉ ስታውቅ ግራ ገባት። ከዚያ የታችኛውን ጣቢያ ወረቀቶች አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ የላይኛውን እንደተዘረጉ ተወቻቸው። ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ በተራ ደርድራ እጃቸውን ያዘችና ጫፉ ላይ አኖረችው።

ጣታቸው ሄደ። የታጠፈ፣ የተዘረጋ፣ የታጠፈ፣ የተዘረጋ።

«የታጠፈው እኛ ነን?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተቀላቅለናል እኮ!»

«ተቀላቅላችኋል። አልዘገያችሁም። የዘገያችሁ ያስመሰለቻችሁ አንዷ ቁጥር ናት፤ ሳልጠይቅ የደመርኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ፊታቸው በራ። ባለቤታቸውም ከጓዳው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። በኋላ ግን የጋሽ ቀስ እጅ ሰልፉ መሀል ቆመ።

«ያቺስ? ሁለት መቶ ሦስቷ?»

ጣታቸውን ወደ መጨረሻው ወረቀት ወሰደችው። «ሃያኛ።»

«ከፊቷ ያለው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። አሥራ ዘጠነኛ።»

«በሁለቱ መሀል?»

«በዚህ አቆጣጠር፣ አንድ ተራ።»

ጋሽ ቀስ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ነበር» አሉ። «በጠራራ ፀሐይ፤ ዝናቡ የዘነበው ሌላ አገር፣ ውኃው የመጣው በእኛ በኩል። ተራራውን ዞርን። የተጠራንላት ሴት ምጥ ላይ ናት። ባሏ በየአሥር ደቂቃው ይደውላል። ‹ደረሳችሁ?› ይላል፤ ‹እየደረስን ነው› እለዋለሁ። ‹ደረሳችሁ?› ‹እየደረስን ነው›። በመጨረሻ መደወሉን ተወ። ያኔ አወቅኩ። ግን ነዳሁ። ምን ላድርግ?» ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩና፣ «ያ ሁሉ መንገድ አንድ ተራ ነው?»

«አዎ።»

«የእኔ ስም እንዲነጻ እሷ ማነስ አለባት ማለት ነው።»

«ዘዴው እንደዚያ ነው ጋሼ። ማን ዘገየ ለሚለው ይመልሳል። እሷ ምን ሆነች ለሚለው አይመልስም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ጻፊ። ሰልፉንም ጻፊ፣ ድልድዩንም ጻፊ።» ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ አሁንስ? ታች በዚያች በአንድ አሮጌ መኪና እንዴት ሆኑ? አሰልፈሻቸዋል?»

ይህ በሐሳቧ ሽው ብሎ አያውቅም። «አላሰለፍኩም» አለች።

«አሰልፊያቸዋ!»

ሰኞ ከየጣቢያው አዲስ አሥር አሥር ጥሪ በዕጣ አወጣች። ደግማ ደጋግማ ደመረች። የላይኛው ስድሳ ዘጠኝ፣ የታችኛው መቶ አርባ አንድ። የታችኛዎቹ ጭራው ላይ ተከማችተዋል። በአጋጣሚ ነው የሚባል አልነበረም። መኪና የተነጠቀ ጣቢያ የምር ዘግይቷል። ያኔ ያልነበረውን ልዩነት፣ አለ ብላ የጻፈችው ሪፖርት ራሱ ወልዶታል።

በዚህ ጊዜ በቁጥሩ አልቆመችም። መዝገቡ ላይ ባሉት ስልኮች ወደ አሥሩም የታችኛው ጣቢያ ጠሪዎች ቤት ደወለች። አራት ቀን ፈጀባት። ስድስቱ በሽተኛቸው ድኖላቸው አመሰገኗት፤ ይህ ይብስ አሳፈራት። ሁለቱ አላነሱም። አንድ አባት የልጁን ስም ነገራትና፣ ዕድሜዋን ስትጠይቀው «አምስት ሊሞላት ነበር» አለ። የመጨረሻዋ ሴት «አሁን ነው የምትደውሉት?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሁሉንም በሁለት ገጽ ጽፋ ኃላፊውን አልፋ ለአገልግሎቱ ቦርድ አስገባች። ለፊተኛው ሪፖርቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ሳትከራከር ፈረመች። ኃላፊው ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን አልመለሰም። መኪናው ወደ ታችኛው ጣቢያ የተመለሰው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ በእነዚያ አምስት ወራት የተደወሉትን ጥሪዎች ማሰብ አልወደደችም፣ ግን ታስባቸው ነበር።

ለጋሽ ቀስም ደብዳቤ ወጣ። ራሷ ወሰደችላቸውና አነበበችላቸው። «የተላለፈብዎ ውሳኔ የተነሳ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም። በመሀሉ ያደረጉት የዓይን ቀዶ ጥገና አልተሳካም ነበር፤ መሪ የሚባል ነገር ካበቃላቸው ቆይቷል።

«ድልድዩ የለበትም» አሉ።

«ጽፌው ነበር። አወጡት።»

«የሴትየዋም ነገር?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ደብዳቤውን እንደታጠፈ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። አንዴ ጫፉን ዳሰሱትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ባለቤታቸው እስከ ውጭው በር ሸኟት። «እሱ ይቅር ብሎሻል፤ ልቡ ገር ነው» አሉ። «እኔ ገና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ» አለች።

ሴትየዋ በሩን ሊዘጉ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ቆም አሉ። «ግን የሚያነብለት ሰው የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጪ ከሆነ ብቅ በይ» አሉና ዘጉት።